የመጨረሻዋ ጉርሻ፦ ከጎንደር እስከ ስሜን በአዳኞች ስንቅና እምነት መንገድ

ቅዳሜ፣ ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ጎንደር

አጎቴ ከሚኒሶታ የመጣው ለጥምቀት ነው። ሻንጣውን ሲፈታ ግን ከነጭ ልብሱ ሥር አንዲት ብርቱካናማ ባርኔጣ ወጣች። ጠርዟ ተበልቷል። ላብና ጭስ ጠጥታ ደርቃለች። እናቴ ልታጥባት ብድግ ስትል እጇን ያዛት።

«እባክሽ እህቴ፣ ይቺን ውሃ እንዳታስነኪብኝ።»

የአደን ባርኔጣው ናት። በየዓመቱ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ከጓደኞቹ ጋር አጋዘን ሊያድን ጫካ ይገባል። እዚያ አገር ለአዳኝ ደማቅ ቀለም መልበስ ሕግ ነው፤ አንዱ ሌላውን በስህተት እንዳይመታ። አጋዘኗ ያን ቀለም እንደ ሰው አድምቃ አታየውም። ባርኔጣዋ አትታጠብ የሚለው ግን የራሱ ሕግ ነው። የመጀመሪያዋን አጋዘን የጣለው እሷን አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ ነክቷት አያውቅም።

«ከታጠበች ገዷ ይሄዳል» አለኝ።

ገድ! ይህን ቃል ከአያቴ አፍ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ። አያቴ፣ የእናቴና የአጎቴ አባት፣ በአርማጭሆ ቆላ አዳኝ ነበሩ። ካረፉ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ከአደን ዕቃቸው የቀረን አንድ ካራ ብቻ ነው፤ እናቴ በሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። የዚህ ጉዞ ሐሳብ የመጣው ከባርኔጣዋና ከካራው ነው። ዳባት አጠገብ የአያቴ የአደን ጓደኛ በሕይወት አሉ። እሳቸውን እንጠይቃለን፤ ከዚያ ስሜን ወጥተን ዋልያ እናያለን። አጎቴ ጠመንጃ ሳይዝ ዱር ሲገባ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ።

የቃና ዘገሊላ ዕለት አይደል፣ ሚካኤልን ሸኝተን ፋሲል ግቢ ገባን። አጎቴ በቀጥታ ወደ አንበሳ ቤቱ ወሰደኝ። ልጅ ሳለ እዚህ አንበሳ ነበር። ዛሬ ባዶ የድንጋይ ቤት ነው። አንበሳው ከጎንደር ምድር ጨርሶ አልጠፋም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቋራ ውስጥ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በካሜራ ተረጋግጧል። ይህን ስነግረው ደስታው ፊቱ ላይ ታየ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስለ ጄምስ ብሩስ አወራን። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ሰናር ሲወርድ በቆላው የዝሆን አደን አየ። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ይፈናጠጣሉ። ፊተኛው ፈረሱን ይመራል፣ ኋለኛው ጎራዴ ይዟል። እኔን የሚገርመኝ ፊተኛው የሚናገረው ነው። የራሱንና የፈረሱን ስም ጠርቶ ለዝሆኑ ይፎክርበታል። አባትህን እዚህ፣ አያትህን እዚያ ገድያለሁ ይለዋል። ዝሆኑ ተናዶ ሲመጣ ኋለኛው ዘሎ ይወርድና የኋላ እግሩን ጅማት ይቆርጣል። ለአውሬ ዘር ቆጥሮ መፎከር! የሚገድሉትን እንደ ባላጋራ ሰው ነው የሚቆጥሩት።

ማታ እናቴ ስንቅ አዘጋጀች። ገብሱን ከትናንት በስቲያ አምሳ፣ ፈትጋ አስፈጭታዋለች። ከፊሉን በሶ በደረቁ በከረጢት፣ ከፊሉን በቅቤ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ በዕቃ አደረገችው። ዳቦ ቆሎ አለ። የገብስ ቆሎ ከሱፍና ከሽምብራ ጋር አለ። አጎቴም የራሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ጀርኪ የሚሉትን የደረቀ ሥጋ፣ ኦቾሎኒ ከዘቢብና ከቸኮሌት ጋር የተደባለቀበት ከረጢት፣ የቡና ፔርሙስ። እናቴ ጀርኪውን ቆርሳ ቀመሰችና «ይኼማ ስኳር የገባበት ቋንጣ ነው» አለች። እውነቷን ነው። የሁለቱም አገር አዳኝ የሚፈልገው አንድ ነው፤ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ፣ በአንድ እጅ የሚበላ።

እሑድ፣ ጥር 13፣ ዳባት

ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። ኮሶዬ ላይ መኪናውን አቁመን ከገደሉ አፋፍ ቆላውን ቁልቁል አየነው። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። አባቱ በዚያ ቁልቁለት ስልቻ አንግበው ሲወርዱ፣ እሱ ከእናቱ ጋር ሆኖ የሸኛቸውን ቀን ያስታውሳል። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ለምሳ ዳባት ደረስን።

ሽማግሌው ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው። አጎቴ ጉልበታቸውን ሳመ። ድምፁን ሲሰሙ የአባቱን ስም ጠርተው አለቀሱ። ልጃቸው ኮረፌ በአንኮላ አቀረበችልን። ኮረፌ የዚህ አገር የገብስ መጠጥ ነው። ወፍራም ነው፣ አረፋው አፍንጫ ይነካል። ሁለት አንኮላ ምሳ ይሆናል።

ስለ አደን እምነት ስጠይቃቸው ከጫካው ይጀምራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው የጀመሩት ከቤት ነው።

«አደን ከሚስት ይጀምራል ልጄ። ተኳርፎ የወጣ ሰው ቀንቶት አያውቅም። ማታውኑ መታረቅ ነው። ካልታረቅህ ተኛ፣ ነገ ውጣ።»

ከዚያ መንገዱ ነው። ማልደው ሲወጡ ውሃ የሞላ እንስራ ያዘለች ሴት ካገኙ ቀናቸው የሰመረ ነው። ባዶ እንስራ ካዩ ግን ቁጭ ብለው ትንሽ ይቆያሉ፤ ወይም ይመለሳሉ። ስለዚህ የአዳኝ ሚስት ከሁሉ ቀድማ ወንዝ ትወርድ ነበር። ባሏ ደጁን ሲለቅ ከነሞላ እንስራዋ ፊት ለፊት እንድትገጥመው። ይህን ሲነግሩን ሳቅ አልመጣብኝም። በጨለማ ወንዝ ወርዳ፣ ያን ሸክም አዝላ፣ ባሏ በደህና እንዲመለስ በመንገዱ ላይ የምትቆም ሴት ታየችኝ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ይህን ስንት ማለዳ አድርጋው ይሆን?

ወፍም ትሰማለች። በቀኝ ከጮኸች ገድ ነው። «በቀኝ አውለን» እያሉ ይሄዳሉ። እግረ ደረቅ የሚባል ሰው አብሮ አይወሰድም፤ እግረ ርጥብ የሆነው ደግሞ ባይተኩስም ይለመናል። መሬት ላይ የተጋደመ ጠመንጃ አይራመዱትም። ዱር ከገቡ በኋላ የሚያድኑትን እንስሳ በስሙ አይጠሩም። ድኩላ አይባልም፣ አጋዘን አይባልም። «የዱሩ ልጅ» ነው የሚሉት። እገድላለሁ ብሎ መናገርም ነውር ነው። ፉከራው ከግዳይ በኋላ ነው፤ በፊት ዝም ነው።

«እኛም እንደዚያው ነን» አለ አጎቴ። ሚኒሶታ ካምፕ ውስጥ ስለ ትልቅ አጋዘን በእርግጠኝነት የሚያወራ ሰው ይቆጡታል። አንዱ ጓደኛው አደኑ እስኪያልቅ ጢሙን አይላጭም። ሌላው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሳንድዊች ነው የሚይዘው፤ ኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ። ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የመጀመሪያ ግዳይ የጣለ ደግሞ ፊቱን ደም ይቀቡታል።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «ደም? እኛ ቅቤ ነው የምንቀባ!»

ግዳይ የጣለ ሰው ሲመለስ እናቱ ወይም ሚስቱ ራሱ ላይ ቅቤ ታደርግለታለች። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ያደርግ ነበር። ግዳዩ የሚቆጠረውም ለጨረሰው አይደለም። ቀድሞ ላደማው ነው።

ስንቁ ጋ ስንደርስ ድምፃቸው ሞቀ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥቂት ቋንጣ፣ ውሃ በቅል። በሶው በመዳፍ ይታሻል፤ ማር ከተገኘ በማር። ጫካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሉ ቁንጥር በሶ ከትልቅ ዛፍ ሥር ይጥላሉ። ለአድባሩ ነው። «ቄሱ ሲሰሙ ይቆጡናል። እኛም መጀመሪያ አማትበን ነው የምንጥል» አሉ። ስንቁን ደግሞ ጨርሶ መብላት የለም። አንድ ጭብጥ ቤት ይመለሳል፣ ለልጆች።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ዞር አለ። ከአባቱ ስልቻ የሚወጣውን፣ ጭስ ጭስ የሚለውን ቆሎ ያስታውሳል። ምክንያቱን ግን አያውቅም ነበር። ከኦቾሎኒው ከረጢት ለልጁ ጭብጥ አስቀርቶ የሚመለሰውም ከአባቱ አይቶ ነው፤ ሕግ መሆኑን ዛሬ ሰማ።

ከዚያ አጎቴ ለዓመታት ሲያስጨንቀው የቆየውን ጠየቃቸው። በክትን።

ላልገባው ልንገር። በእኛ ሥርዓት የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ እንስሳ ይበላል፤ አጋዘንም ድኩላም በዚህ ያልፋሉ። ነገር ግን በስመ ሥላሴ መታረድ አለበት። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፣ አይነካም። ስለዚህ የእኛ አዳኝ ተኩሶ አይቆምም። ካራውን መዝዞ ይሮጣል፤ ነፍሷ ሳትወጣ ሊደርስባት። እስላም ጓደኛ ካለ ደግሞ ሁለት እንስሳ ሲገኝ ለየብቻ ያርዳሉ። እሱ በቢስሚላህ፣ እነሱ በስመ አብ። ሥጋው አይቀላቀልም፤ ጨዋታውና እሳቱ ግን አንድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሚመከረው ተቃራኒው ነው። የቆሰለች አጋዘን ወዲያው ከተከተሏት ደንብራ ርቃ ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጠብቅ ይባላል። አጎቴ የመጀመሪያዋን ጊዜ ጠበቀ። ሲደርስ ሞታለች። ሥጋዋን በሙሉ ለጓደኛው ሰጥቶ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ በጣም ካልቀረበችው አይተኩስም። በዚህ ምክንያት ብዙ ዓመት ሳይቀናው ይመለሳል።

«ጥሩ አድርገሃል» አሉ ሽማግሌው። «አባትህም ሩቅ አይተኩስም ነበር። አልቤኑ ሩቅ አይመታም ብለን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን ለካራው ብሎ ነው።»

በመጨረሻ አጎቴ ስለ አንድ ጓደኛው ነገራቸው። ዘሩ ከጀርመን ነው። አጋዘን ሲጥል ለምለም ቀንበጥ ቆርጦ አፏ ውስጥ ያደርጋል። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ዝም ብሎ ይቆማል። የጀርመን አዳኞች የቆየ ሥርዓት ነው፤ የመጨረሻው ጉርሻ ማለት ነው ስሙ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«አጎረሷት?»

«አዎ፣ አባ።»

«ከገደሏት በኋላ አጎረሷት?»

ከዚያ ማንም ያልጠየቃቸውን ነገሩን። የእሳቸውና የአያቴ የመጨረሻ አደን ነው። አመሻሽ ላይ፣ ከቁጥቋጦ መሀል አንዲት ድኩላ። ተኮሱ፣ ሮጡ፣ አረዱ። ቀና ሲሉ ግልገሏ ከዛፍ ሥር ቆማ ታያቸዋለች። ሴት ከነልጇ አትመታም፤ ይህ ከሁሉ የከበደ ሕጋቸው ነበር። ግልገሏ አልሸሸችም። አያቴ ስልቻውን ከፍተው በሶውን በሙሉ ከዛፉ ሥር ደፉት፤ ጭብጥ እንኳ ለቤት አላስቀሩም። ሥጋውን ሳይወስዱ ሌሊቱን ወጡ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተኮሱም። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ሸጠው ጥገት ገዙ።

እናቴ አባቷ አደን የተዉበትን ምክንያት አታውቅም። ሁልጊዜ «ጉልበቴ ደክሞ ነው» ይሏት ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 14፣ ደባርቅ፣ ሳንቃበር

የመንገድና የወረቀት ቀን። ደባርቅ ፓርኩ ቢሮ ተመዝግበን ክፍያ ከፍለን ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ተመደበልን። ከደባርቅ ሳንቃበር ድረስ አቧራው አይጣል ነው። ሳንቃበር ወደ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል።

መኪና ውስጥ አጎቴ ስለ ቀንድ አስተማረኝ። እኛ አጋዘን የምንለው የእሱ አገር አጋዘን አይደለም። የእኛው ቀንዱ የዕድሜ ልክ ነው፣ እንደ በሬ። የዚያኛው ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። ያ ዘር በኢትዮጵያ የለም። በአፍሪካም በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜን ጫፍ ብቻ ነው፣ በአልጄሪያና በቱኒዝያ በኩል። ስሙን ግን ለሁለቱም ሰጥተናል፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 15፣ ጨነቅ

ማለዳ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ መሀላቸው ተቀመጥን። የጅንባርን ፏፏቴ አየን። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል በቁመቱ ሰው ይመስላል፤ በጭጋግ ውስጥ ደግሞ አዳኝ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። አንድ ትልቅ ቁራ በግራችን ጮኸ። አጎቴና እኔ ተያየን። ስካውቱ «ቁራ እዚህ ምሳ ፈልጎ ነው የሚጮኸው» አለን።

ስካውታችን ልጅ ሳለ አያቱ የዋልያ ቀንድ ዋንጫ ነበራቸው። ዋልያ ለሥጋው፣ ለቆዳውና ለቀንዱ ይታደን ነበር። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ.። ቢሆንም በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የወጣው ባለፈው ዓመት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ስካውቱ ይህን ሲናገር የራሱ ልጅ ፈተና ያለፈ ያህል ነበር። እኔም ኮራሁ። የአዳኝ የልጅ ልጅ ሆኜ እላለሁ፣ እዚህ ተራራ ላይ ጥይት ዳግም እንዳይጮኽ።

እሳት ዳር በሶ አሸሁ። ስካውቱ በሙቅ ውሃ ይጠጣዋል፤ ጨው ብቻ ጨምሮ። «ለብርድ ይኼን የሚያህል የለም» አለ። ኦቾሎኒውን ቀመሰ፣ ቸኮሌቱን እየለቀመ ለልጆቹ በወረቀት ጠቀለለ። አጎቴ የቀረውንም ጨመረለት።

ረቡዕ፣ ጥር 16፣ ጨነቅ

ጾም ነው። ጀርኪውም በቅቤ የታሸው በሶም ከቦርሳ አልወጡም። ቆሎና ደረቅ በሶ ብቻ ይዘን ጎሕ ሲቀድ ወጣን።

አጎቴ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ነበረብኝ። መጀመሪያ ጥቂት አፈር ዘግኖ በተነ፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ። አጋዘን ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን ነው የምታምነው ይላል። ከዚያ አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ያዳምጣል። ሰውነቱ ሁሉ ተለወጠ። ባርኔጣዋን ግን ቦርሳው ውስጥ ትቷታል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ዛሬ ገድ የምፈልገው ለመግደል አይደለም» አለኝ።

ስም አልጠራንም። «የዱሩን ልጅ እናገኝ ይሆን?» ብቻ ተባባልን።

ከገደሉ ጫፍ ሥር ነበሩ። አምስት። አንዱ ወንድ ጢሙ ረጅም፣ ቀንዱ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ የዞረ። ሴቶቹ አነስ ያሉ። አንዷ ከኋላዋ ግልገል አስከትላለች፤ የመስከረም ወይም የጥቅምት ልደት ይሆናል። ግልገሉ ሰው ቆሞበት በማያውቅ ቋጥኝ ላይ ዘለለ፣ ወደ እናቱ ተመለሰ፣ እንደገና ዘለለ። አጎቴ ተንበረከከ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ልንሄድ ስንል አጎቴ ከኪሱ ቁንጥር በሶ አወጣ። ስካውቱን በዓይኑ ጠየቀው። እሱም «ለእንስሶቹ ክልክል ነው» አለ፣ «ይኼ ግን…» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ አማተበና ከአስታው ዛፍ ሥር ጣላት።

ሐሙስ፣ ጥር 17፣ ዳባት

ስንመለስ ሽማግሌው ጋ ጎራ አልን። ለቤት ያስቀረነውን አንድ ጭብጥ ቆሎ ሰጠናቸው። ጥርስ የላቸውም፤ ለልጅ ልጆቻቸው አከፋፈሉትና አንዷን ሽምብራ ለራሳቸው አፋቸው ውስጥ ይዘው መጠጧት።

አጎቴ ካራውን ከነጠላው ፈትቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። ጎንደር ላይ እናቴን ለምኖ ይዞት መጥቶ ነበር፣ እሑድ ለማውጣት ግን አልደፈረም። ሽማግሌው እጀታውን ዳሰሱ፤ የአያቴ አውራ ጣት የቦረቦራትን ጎድጓዳ አገኟት። የራሳቸውን አውራ ጣት አገቡባት። ሳይናገሩ መለሱለት።

እኔም ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠግቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ምንም አልታያቸውም። አሰፋሁላቸው። ወንዱን አዩት፣ ቀንዱን በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ጎን ሄዳ ቆመች።

«ይቺ ሴት ናት?»

«አዎ አባ፣ ሴት ናት።»

«ከኋላዋ ያለው?»

«ግልገሏ ነው።»

ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ወደ ብርሃኑ ዞረው ብዙ ቆዩ። ስክሪኑ ጠፋ፤ እሳቸው ግን አሁንም ያዩታል።

«ጨለመብኝ፤ እንደገና አሳይኝ» አሉኝ።